«ዲስኩ ለሁሉም እኩል ይድረስ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አስቡ። ቀረፃው ሁሉ የሚቀመጠው ሊኑክስ በተጫነበት አንድ ማሽን ላይ ነው፤ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። ጥር ገብቶ ሰርግ በሰርግ ሆኗል። አንዱ ልጅ ከካሜራው ሜሞሪ 60 ጊጋባይት ይገለብጣል። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ በዚያው ማሽን ለደንበኛ ፎቶዎች ልታሳይ ፎልደር ትከፍታለች። ፎልደሩ አልከፈት ይላል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል።

በዚህ ሰዓት የሚሰነዘሩት ምክሮች አብዛኛዎቹ ስህተት ናቸው። ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ስኬጁለር ይባላል። ሥራውን በደንብ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጥፋቱ ሌላ ነገር ላይ ይለጠፋል።

«ራሙ አንሶ ነው፤ ሲፒዩውም አርጅቷል»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ቶፕ» (top) የሚለውን ትዕዛዝ ክፈቱና «ደብሊው ኤ» (wa) የተባለውን ቁጥር እዩ። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ይህ ቁጥር ከፍ ካለ፣ ማሽኑ ዲስክ እየጠበቀ ነው። በእርግጥ ራም ሲሞላም ወደ ዲስክ መገልበጥ ስለሚጀምር ያንንም አብራችሁ ማየት አለባችሁ።

«ፍትሃዊ ማለት ለሁሉም እኩል ሜጋባይት መስጠት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ8.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። የሚፈለገው ቦታ ከሚያነበው ጭንቅላት ስር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩ ግማሽ ይጠበቃል። ጭንቅላቱ ራሱ ከቦታ ቦታ ለመሄድ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነገር የሚያነብ ፕሮግራም በሰከንድ 80 ገደማ ጥያቄ ቢመለስለት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ከሆነ፣ በሰከንድ 320 ኪሎባይት ብቻ ማለት ነው። ተከታትሎ የተቀመጠ ፋይል ላይ ግን ያው ዲስክ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሄዳል።

አሁን ሁለቱን በሜጋባይት እኩል እናድርጋቸው። ፈጣኑ ቀርፋፋውን እየጠበቀ በሰከንድ 320 ኪሎባይት ላይ ይወርዳል። ያ የ60 ጊጋባይት ቀረፃ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል! ማንም አልተጠቀመም።

ለዚህ ነው ለዓመታት በሊኑክስ የታወቀው ሲኤፍኪው የተባለው ስኬጁለር ሜጋባይት ሳይሆን ጊዜ ያከፋፍል የነበረው። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም) 100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ የቻለውን ይሥራ። ይህም የራሱ ችግር አለው። ወንዝ ጠልፈው በተራ የሚያጠጡ የጎጃም ገበሬዎች ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። የውሃ አባቱ ውሃውን በሰዓት ሲያከፋፍል፣ ማሳው ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው። ሰዓቱ እኩል ነው፤ ማሳው የጠጣው ግን እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊኑክስ 4.12 ውስጥ የገባው ቢኤፍኪው ሌላ መንገድ መረጠ። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የሚቆጥረው የሚነበበውን ወይም የሚጻፈውን መጠን ነው፤ ተራውን ይዞ ለሚንቀራፈፈው ግን የጊዜ ገደብ ያበጅለታል። ለእኔ ይህ የተሻለው መፍትሔ ነው። ሲኤፍኪው በ2019 ሊኑክስ 5.0 ሲወጣ ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት፣ ተነስቷል።

«ዲስኩ ለአፍታ እንኳ ሥራ ከፈታ ስኬጁለሩ ተሳስቷል»

አንድ ፕሮግራም ፎቶ ሲከፍት ትንሽ ያነባል፣ ያነበበውን ያያል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት በጣም አጭር ናት። ስኬጁለሩ በዚያች ቅጽበት «ይሄ ጨርሷል» ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ሌላው ፋይል ከላከው፣ ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ ጭንቅላቱ ሩቅ ነው። ሄዶ መመለሱ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይበላል። ፎቶ የምትከፍተው ልጅ ደግሞ በየጥያቄው ተራዋን እንደ አዲስ ትሰለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ችግር አጥንተው መፍትሔውን አሳዩ፦ ትንሽ መጠበቅ። ሲኤፍኪው 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቅ ነበር። የባከነ የሚመስለው ጊዜ ተራን የሚያስከብር ጊዜ ነው። ይህ ጥበቃ ሲጠፋ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ያለማቋረጥ ጥያቄ የሚያዥጎደጉደው ነው።

«አይኦናይስ ካደረግኩት ይታዘዘኛል»

አይኦናይስ ለአንድ ፕሮግራም የዲስክ ቅድሚያ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፤ «ሌላው ሥራ ሲፈታ ብቻ ሥራ» የሚል ምድብም አለው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይከዳችኋል።

አንደኛ፣ ደረጃውን የሚያይ ስኬጁለር ያስፈልጋል። «ነን» የሚለው (ስኬጁለር የለም ማለት ነው) ከተመረጠ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «ኤምኪው ዴድላይን» የተባለው ስኬጁለር ደግሞ ዋና ጉዳዩ ጥያቄ ከመጠን በላይ እንዳይዘገይ ነው፤ መደበኛ ገደቡም ለንባብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለጽሑፍ 5 ሰከንድ ነው። በፕሮግራሞች መካከል ድርሻ አያካፍልም። ስኬጁለር ስላለ ብቻ ፍትሃዊ ክፍፍል አለ ብላችሁ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ ገልባጩ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ላይ ራሱ አይጽፍም። ራም ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ቆይቶ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ከርነሉ ነው። የሰጣችሁት ደረጃ ከፕሮግራሙ ጋር ይቀራል። ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ መቶኛው እየበረረ ሄዶ መጨረሻው ላይ ድርቅ የሚለውም ለዚህ ነው። እባካችሁ ያኔ ፍላሹን አትንቀሉ፤ ገና ያልተጻፈ ነገር ራም ላይ ሊኖር ይችላል።

«ኤስኤስዲ ከገዛን ይሄ ሁሉ ያበቃል»

ግማሹ እውነት ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው፤ የሚንከራተት ጭንቅላት ስለሌለ መጠበቁ ትርጉም ያጣል፤ ኤንቪኤምኢ በተባለው ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ላይ «ነን» ጥሩ ምርጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ግን ጽሑፍ ሲበዛበት ኤስኤስዲም ውስጡን ማጽዳት ይጀምራል፤ ያኔ ንባብ ይዘገያል።

«እያንዳንዱ ፕሮሰስ እኩል ካገኘ እያንዳንዱ ሰው እኩል አገኘ»

አንዱ ሰው አምስት መገልበጫ ከፍቶ ሌላዋ አንድ ፎቶ ብትከፍት፣ በፕሮሰስ ሲቆጠር እሱ አምስት ድርሻ ወሰደ፤ እሷ አንድ። ይህን ለማስተካከል ሊኑክስ ሲግሩፕ የሚባል አለው። ፕሮሰሶችን በቡድን ታስራላችሁ፤ ለቡድኑም ከ1 እስከ 10000 የሚደርስ ክብደት ትሰጣላችሁ። መነሻው 100 ነው። በአዲሱ፣ በሁለተኛው የሲግሩፕ ስሪት፣ ኤክስት 4ን በመሰለ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ላይ ከርነሉ ቆይቶ የሚጽፈውም ለባለቤቱ ቡድን ይቆጠራል። አይኦናይስ ያልደረሰበት ቦታ ይህ ነው።

ለስቱዲዮው መገልበጡን 10፣ ለደንበኛ ፎቶ ማሳየቱን 100 ብትሰጡ፣ ሁለቱም ሲፈልጉ ድርሻው አንድ ለአስር ይሆናል። ደንበኛ በሌለ ሰዓት መገልበጡ ዲስኩን ሙሉውን ይወስዳል፤ ክብደት ጣሪያ አይደለምና። ክብደቱ እንዲሠራ ግን ቢኤፍኪው መመረጡን ወይም አይኦኮስት የተባለው መቆጣጠሪያ መብራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።