ቮልስዋገን፦ የቮልፍስቡርጉ ፋብሪካ ታሪክና ዝና

ቮልስዋገን ዋና መሥሪያ ቤቱ በሰሜን ጀርመን፣ በታችኛው ሳክሶኒ ግዛት፣ ቮልፍስቡርግ በምትባል ከተማ የሚገኝ የመኪና አምራች ነው። በዓለም ቀዳሚነት ከቶዮታ ጋር ሲፎካከር የኖረ ሲሆን አውዲ፣ ሽኮዳ፣ ሴያት፣ ፖርሼ፣ ቤንትሌይና ላምቦርጊኒ በሥሩ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ጀርባዋ ክብ የሆነው ትንሿ መኪና፣ እኛ «ቮልስ» የምንላት ናት። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌሎቹ ታላላቅ የጀርመን አምራቾች ስማቸውን የገነቡት ገንዘብ ላለው ሰው ምርጥ መኪና በመሥራት ነው። ቮልስዋገን ግን ከጅምሩ ለተራው ሰው የተገባ ቃል ነበር። ያ ቃል መጀመሪያ በአምባገነን አፍ ተነግሮ ታጠፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ በሠራተኞችና በመካኒኮች እጅ ተፈጸመ፤ በ2015 ደግሞ በድርጅቱ በራሱ ሰዎች ተጣሰ። የፋብሪካው ዝና ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ቁጠባው

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን መኪና የባለጸጋ ንብረት ነበር። ሠራተኛው ቢበዛ ሞተር ሳይክል ቢኖረው ነው። ርካሽና ጠንካራ ትንሽ መኪና የመሥራት ሐሳብ በጊዜው በብዙ መሐንዲሶች ዘንድ ይብላላ ነበር። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ኩባንያ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ፣ አይሁዳዊው መሐንዲስና ጋዜጠኛ ዮሴፍ ጋንዝ፣ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ቤላ ባሬኒ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ነድፈዋል። ስለዚህ ቮልስን የአንድ ሰው ፈጠራ ብቻ አድርጎ መተረክ ፍትሐዊ አይደለም፤ በተለይ ጋንዝ በናዚዎች ተሳዶ አገሩን ጥሎ መውጣቱና ስሙ ለአሥርት ዓመታት መረሳቱ ሲታሰብ። ንድፉን ዳር አድርሶ ለምርት ያበቃው ግን ፌርዲናንድ ፖርሼ ነው። ውሉን የተፈራረመው በሰኔ 1934 ሲሆን፣ ሂትለር ያስቀመጠው ዋጋ ከ1,000 ማርክ በታች ነበር። መሐንዲሶቹ በዚህ ዋጋ እንደማይሆን ቢያውቁም ደፍሮ የተናገረ አልነበረም።

የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በግንቦት 1938 ተጣለ። መኪናው 990 ማርክ እንደሚሸጥ ታወጀ፤ ፈላጊው በሳምንት ቢያንስ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር ይገዛና በቁጠባ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናውን ይረከባል። ወደ 336,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመዘገቡ። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ፋብሪካው ወደ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ሥራ ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድ እንኳ መኪናውን ሳይረከብ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመታት ፈጅቶ በ1961 በስምምነት አለቀ። ደብተሩን የሞላ ሰው አዲስ መኪና ከገዛ እስከ 600 ማርክ ይቀነስለታል፤ ካልፈለገ 100 ማርክ በጥሬው ይወስዳል።

ከቆጣቢዎቹ ኪሳራ እጅግ የሚከፋው በጦርነቱ ዓመታት በፋብሪካው ግቢ የተፈጸመው ነው። ወደ 20,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ ማለትም የጦር ምርኮኞች፣ ከፖላንድና ከሶቪየት ኅብረት በግዳጅ የመጡ ወንዶችና ሴቶች፣ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እዚያ በግዳጅ ሠርተዋል። ከሴቶቹ የተወለዱ ሕፃናት ከእናታቸው ጡት ተነጥቀው ሩዌን በተባለ መንደር ወደሚገኝ ማቆያ ይወሰዱ ነበር። ከ300 በላይ የሚሆኑት እዚያ አለቁ። ማቆያውን ይቆጣጠር የነበረው የፋብሪካው ሐኪም በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሞት ተፈርዶበት በ1947 ተገደለ። ድርጅቱ ይህን ታሪክ በገለልተኛ የታሪክ ምሁራን አስጠንቶ ያሳተመው በ1996 ሲሆን፣ በሕይወት ለተገኙት ሠራተኞች የካሳ ፈንድ ያቋቋመው በ1998 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፉ ለብዙዎቹ እጅግ የዘገየ ነበር።

የእንግሊዙ ሻለቃ

በ1945 ጣሪያው በቦምብ የተነደለው ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር ቀጠና ውስጥ ወደቀ። ተነቅሎ ለካሳ የሚሄድበት ዕድል ሰፊ ነበር። ኃላፊነቱ የተሰጠው ሻለቃ አይቫን ኸርስት በሙያው መሐንዲስ ነበርና ሌላ ነገር ታየው። ለጦሩ መጓጓዣ ቸግሮ ስለነበር አንዷን መኪና አስጠግኖና አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶ ለበላዮቹ ላካት። መልሱ የ20,000 መኪና ትእዛዝ ሆኖ መጣ። መደበኛው ምርት በታኅሣሥ 27 ቀን 1945 ተጀመረ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የወጡት 55 ብቻ ነበሩ። ሠራተኛው ተርቦ፣ ብረትና ከሰል ጠፍቶ፣ መስኮት በሌለው አዳራሽ ነው የተሠሩት። የከተማዋ ስምም በዚያው ዓመት ተቀይሮ ቮልፍስቡርግ ተባለ።

የብሪታንያ የመኪና ባለሙያዎች ንድፉን መርምረው ለገበያ አይሆንም ብለው ነበር። ግምታቸው ምን ያህል የተሳሳተ እንደነበረ ለመታየት ዐሥር ዓመት አልፈጀም፤ አንድ ሚሊዮነኛዋ መኪና በነሐሴ 1955 ከፋብሪካው ወጣች።

መለዋወጫውና መካኒኩ

ከጥር 1948 ጀምሮ ፋብሪካውን የመራው ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ቀድሞ በኦፔል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በእኔ ግምት የቮልስዋገን ዝና እውነተኛ አባት እሱ ነው። ንድፉን አልቀየረም፤ በየዓመቱ አዲስ መልክ ማውጣትንም አልፈለገም። የጸናበት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መኪናዋን ከላይዋ ሳይነኩ ከውስጥ በየጊዜው ማሻሻል። ሁለተኛ፣ መኪና ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት ጋራዡ፣ መለዋወጫውና የሠለጠነው መካኒክ ቀድመው መድረስ አለባቸው። በአሜሪካ በ1949 የተሸጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1960ዎቹ ግን አገሩ በቮልስ ተሞላ፤ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ የመጡት ተፎካካሪዎቿ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ሲቀሩ እሷ ትነዳ ነበር።

መኪናዋ ራሷ ቀረብ ብሎ ለሚያያት የቁጥብነት ትምህርት ቤት ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ የሚፈላ ውኃም በብርድ የሚረጋ ውኃም የለም። ጠንከር ያለ መካኒክ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ ሞተሩን በሰዓት ውስጥ ያወርደዋል። እስከ 1960ዎቹ መግቢያ ድረስ የነዳጅ መጠን የሚያሳይ ጌጅ አልነበራትም። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ሲንተፋተፍ ሾፌሩ ከእግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ በጫማው ጫፍ ያዞራል፤ የመጠባበቂያው ቤንዚን መውረድ ይጀምራል፤ ማደያ እስኪደርስ ይበቃዋል። በኋላ የመስታወት ማጠቢያ ሲጨመርላት ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ አይደለም፤ ከፊት ኮፈን ሥር የተቀመጠው ትርፍ ጎማ አየር ነው። ጎማው አስቀድሞ ስለሚነፋ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አካሏ ከመጠበቁ የተነሳ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩን መዝጋት ይቸግር ነበር፤ አየሩ መውጫ ያጣል።

በየካቲት 17 ቀን 1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ በመመረት የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። ብራዚል «ፉስካ»፣ ሜክሲኮ «ቮቾ» እያሉ የራሳቸው አደረጓት። የመጨረሻዋ የወጣችው ሜክሲኮ ፑዌብላ ሲሆን፣ ጊዜው ሐምሌ 30 ቀን 2003፣ ጠቅላላ ቁጥሩም 21,529,464 ነው። ወንድሟ ኮምቢ፣ ከኔዘርላንዳዊው አስመጪ ቤን ፖን የእርሳስ ንድፍ ተነሥቶ በ1950 መመረት የጀመረው ሚኒባስ፣ በብራዚል እስከ 2013 ድረስ ዘልቋል።

ጎልፍ

በአንድ መኪና ላይ መንጠልጠል ግን ዋጋ አስከፈለ። ኖርድሆፍ በ1968 ሲሞት ተተኪ ሞዴል የለም ማለት ይቻላል፤ ደንበኛውም የጃፓን መኪኖችን እያየ ነበር። በ1974 ድርጅቱ 807 ሚሊዮን ማርክ ከሰረ። ያዳነው በዚያው ዓመት የወጣው ጎልፍ ነው። ጎልፍ ሞተሩ ከፊት፣ የሚጎትተው የፊት ጎማ፣ ማቀዝቀዣው ውኃ፣ መልኩ ማዕዘናዊ ነው፤ ከቮልስ ጋር የሚያመሳስለው የለም። ቅርጹን የሰጠው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። እስካሁን ከ37 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ይህን ለውጥ ያስቻለው ዕውቀት በአብዛኛው የመጣው በ1960ዎቹ ከተገዛው አውዲ ነበር፤ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ሌሎችን በመግዛት የማደግ ልማድ የያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1984 ደግሞ ከቻይና ጋር የሽርክና ውል ተፈራርሞ ሻንጋይ ገባ፤ ሳንታና የተባለችው መኪና በቻይና ከተሞች የታክሲ መለያ እስክትመስል ድረስ በዛች።

ከተማዋና ሠራተኛው

ቮልስዋገን እንደ ማንኛውም የግል ኩባንያ የሚመራ አይደለም። በ1960 የወጣ ልዩ ሕግ አለው፤ የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት 20 በመቶ ድምፅ ስላለው ትልልቅ ውሳኔዎችን ማገድ ይችላል። በተቆጣጣሪው ቦርድ ወንበሩን ግማሽ የያዙት የሠራተኛው ተወካዮች ናቸው። በ1993 ወደ 30,000 ሠራተኛ ሊቀነስ ሲል ሁሉም በሳምንት አራት ቀን፣ 28.8 ሰዓት እንዲሠራና የዓመት ገቢውም ዝቅ እንዲል ተስማምተው የሰው እንጀራ አዳኑ። ከካፒታል ገበያ አንፃር የሚተቹት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ፋብሪካው በችግር ጊዜ ሰው ሳይበተንበት እንዲያልፍ ያደረገው ይህ አሠራር ነው እላለሁ።

ሠራተኛው ለቤቱ ያለው ፍቅር በምግብ ቤቱም ይታያል። ከ1973 ጀምሮ ፋብሪካው በራሱ ሥጋ ቤት ቋሊማ ይሠራል፤ ቋሊማው እንደ ማንኛውም ብሎንና ማርሽ የመለዋወጫ ቁጥር ተሰጥቶታል፦ 199 398 500 ኤ። በአንዳንድ ዓመታት የቋሊማው ቁጥር በቮልስዋገን ስም ከተሸጡት መኪኖች ይበልጣል።

2015

ድርጅቱ በ2000ዎቹ አሜሪካን በ«ንጹሕ ናፍጣ» እይዛለሁ ብሎ ተነሣ። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ችግሩ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ መልቀቁ ነው። ጋዙን ለማጥራት ገንዘብና ቦታ ያስፈልጋል። መሐንዲሶቹ የመረጡት መንገድ ሌላ ሆነ፤ በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ሶፍትዌር ጫኑ። መሪው ሳይንቀሳቀስ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር ሶፍትዌሩ ምርመራ ላይ መሆኑን ይረዳና ጭሱን በሙሉ ኃይል ያጠራል። መኪናው አስፋልት ሲወጣ ማጥሪያው ይላላል፤ የሚወጣው ጋዝም ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርሳል።

ይህን የደረሰበት በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ትንሽ የተመራማሪዎች ቡድን ነው። መለኪያውን በመኪናው ጭነው ረጅም መንገድ እየነዱ ሲለኩ ቁጥሩ አልገጥም አላቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉዳዩን በመስከረም 18 ቀን 2015 ይፋ አደረገ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስት ቀን ውስጥ ለቀቀ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ተመሳሳይ ሶፍትዌር ነበረው። ድርጅቱ በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል፤ ቅጣቱ፣ ካሳውና መኪና መልሶ መግዛቱ ተደምሮ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል።

ብልሽት ቢሆን ኖሮ ደንበኛ ይቅር ይል ነበር። ይህ ግን ታስቦበት የተሠራ ማታለል ነው፤ የተታለለውም በእነሱ አምኖ ለአየሩ ይሻላል ብሎ የገዛው ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ ሽያጩ አልወደቀም። በ2016 ድርጅቱ ቶዮታን በልጦ በዓለም አንደኛ ሆነ። መኪናው አሁንም ጥሩ ስለነበር ገዢው አልሸሸም፤ የናፍጣ መኪና ክብር ግን በአውሮፓ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ኤሌክትሪኩና አዲስ አበባ

ከቅሌቱ በኋላ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። አይዲ 3 እና አይዲ 4 የዚህ ፍሬዎች ናቸው፤ አይዲ 4 በ2021 የዓለም የዓመቱ መኪና ተብላለች። ፈተናው የመጣው ለዓመታት ትርፍ ካፈሰበት ከቻይና ነው፤ ቢዋይዲና ሌሎቹ የአገሬው አምራቾች በዋጋም በሶፍትዌርም ቀደሙት። በታኅሣሥ 2024 ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር በተደረሰው ስምምነት እስከ 2030 በጀርመን ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ ይቀነሳል፤ በግዳጅ የሚባረር ግን አይኖርም።

በኢትዮጵያ የቮልስ ዘመን ከንጉሡ ጊዜ ይጀምራል። አስተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ነድቷታል። መለዋወጫ ሲጠፋ የአዲስ አበባ መካኒኮች እየቀጠቀጡና እያስማሙ አቆይተዋታል፤ ዛሬም አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ታድሶ ዳገቱን ስትወጣ ትታያለች። በጥር 2019 የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት ቮልስዋገን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመኪና ኢንዱስትሪ ለማልማት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። መንግሥት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በከተማው መንገድ አይዲ 4 በብዛት ይታያል። አብዛኞቹ ግን በፋብሪካው የሽያጭ መረብ የመጡ አይደሉም፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ሆነው በነጋዴዎች በኩል የገቡ ናቸው። ስለዚህ ዋስትናው፣ የሶፍትዌር ማደሱና የባትሪ ጥገናው ለባለቤቱና ለሰፈሩ መካኒክ የተተወ ሥራ ሆኗል፤ ኖርድሆፍ ከመኪናው አስቀድሞ ይላክ ያለው ጋራዥ ገና አልደረሰም።