ናንሰች ሣጥን ምንድን ነው?

ናንሰች ሣጥን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀብታም ቤቶች ይቀመጥ የነበረ፣ ኦክ ከሚባል ጠንካራ የአውሮፓ ዛፍ እንጨት የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ማማ፣ ቅስት በርና የሾለ ጣሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ይታያሉ። ከሩቅ ላየው ቀለም የተቀባ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዷ መስኮት ለብቻዋ ተቆርጣ የገባች እንጨት ናት።

አሠራሩ ኢንሌይ ይባላል። አናጢው የኦክ ሳንቃውን በመሮ ጥቂት ሚሊሜትር ይፈለፍላል፤ በጉድጓዱ ልክ የሌላ ዛፍ እንጨት ቆርጦ በኮላ ያጣብቃል፤ ከዚያ ከሳንቃው ጋር እኩል እስኪሆን ይልገዋል። ከለበጣ ጋር አይምታታ። ለበጣ ስስ እንጨት ሙሉውን ፊት ሲያለብስ ነው፤ እዚህ ግን ኦኩ ራሱ የሥዕሉ መደብ ሆኖ ይቀራል።

ነጩ ብዙ ጊዜ ሆሊ ከሚባል ዛፍ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጥቁሩ ነው፤ እሱም ኦክ ነውና! ረግረግ ውስጥ ወድቆ ለሺህ ዓመታት የተቀበረ ኦክ፣ ቆዳ የሚያለፋው ታኒን በውስጡ ስላለ፣ ከውሃው ብረት ጋር ተዋህዶ እንደ ከሰል ይጠቁራል። እርጥብ ኦክ ላይ ሚስማር ሲመታ ዙሪያው የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሙስ? ናንሰች «አቻ የለሽ» ማለት ሲሆን፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ ለንደን አጠገብ ባለችው ሰሪ (Surrey) በተባለች አውራጃ ያሠራው ቤተ መንግሥት ስም ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1680ዎቹ ፈረሰ። የጥንት ዕቃ ወዳጆች ከብዙ ዘመን በኋላ «ሣጥኑ ላይ ያለው እሱ ነው» ብለው ስሙን ለጠፉበት። አይደለም፤ ሕንፃዎቹ ምናባዊ ናቸው። አንዳንዱ ሣጥን ከጀርመን ተጭኖ የመጣ ነው፤ ሌላውን የሠሩት ከዚያው አካባቢ ፈልሰው ለንደን ውስጥ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ሳዘርክ በተባለ ሰፈር የሰፈሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ይኸው ዓይነት ሥራ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ባለው የዌር ታላቁ አልጋ ራስጌ ላይም አለ። ስፋቱ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ የኦክ አልጋ ነው፤ በ1590ዎቹ ገደማ ተሠርቷል።

አሮጌ ኢንሌይ ድፍን ለስላሳ አይሆንም። ኦኩ ባለፉት 400 ዓመታት ሲኮማተርና ሲያብጥ ቁርጥራጮቹ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል፤ ጣት ሲያሳልፉበት ይታወቃል። ሙዚየም ውስጥ መንካት ክልክል ስለሆነ ግን ከጎን ጎንበስ ብሎ ብርሃኑ ሲንሸራተትበት ማየት ነው።