«ደፋ ቀና» ከየት መጣ? የጅሩ መረሬ ይናገር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ስለ መሥሪያ ቤታቸው ያወራሉ፣ አንደኛው ስለ ባልደረባው «እሱማ አለቃው ፊት ደፋ ቀና ሲል ነው የሚውለው፣ እድገቱን በዛ ነው ያገኘው» አለ። ጓደኛው ምንም አልመሰለውም፣ «አዎ በቃ» ብሎ ማኪያቶውን ቀጠለ። እኔን ግን ከነከነኝ፣ ማታ ቤት ገብቼም አልለቀቀኝ። ልጁ ማለት የፈለገው ያሸረግዳል ነው። ደፋ ቀና ግን ላብ ያለበት ቃል ነው እኮ፣ «እናታችን ደፋ ቀና ብላ አሳደገችን» የምንለው ቃል ነው። እንዴት ተደርጎ ነው አለቃ ፊት እጅ ለሚነሳ ሰው የሚሰጠው?

ትርጉሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን እዘለዋለሁ። የሚያወዛግበው መነሻው ነው። አንድ የምንጃር ጓደኛ አለኝ፣ «ከጤፍ አጨዳ ነው የመጣው» ብሎ ይሞግተኛል፣ ምንጃሬ ሲሆን ሁሉንም ነገር ከጤፍ ቢጀምር አይገርምም፣ ጤፉም ያኮራል። ግን አጫጅ አንዴ ካጎነበሰ ማጭዱን ይዞ እንዳጎነበሰ ነው ወደፊት የሚገፋው፣ ቀና የሚለው ወገቡ ሲያቃጥለው ነው። ሌሎች ደግሞ ከድንጋይ ወፍጮ ነው ይላሉ። ይሄም አይዋጥልኝም፣ ፈጪ መጁን ይዛ ወደፊት ወደኋላ ነው የምትለው፣ ወገቧ ደፋ እንዳለ ነው የሚውለው፣ ቀናው የታል?

የኔን እምነት ልንገራችሁ። ይህ አነጋገር የወጣው ከሰሜን ሸዋው ጅሩ ነው፣ መረሬ ከሚባለው ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር።

የጅሩ ሰንጋ ሲባል የማያውቅ የለም፣ ስንዴው እንዴት እንደሚበቅል ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የጅሩ ከተማ እነዋሪ አካባቢ ያለው መሬት ይሄው ጥቁር አፈር ነው፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያብጥና ውሃ አላሰርግም ይላል። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ይተኛበታል፣ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የድሮ ሰዎች ታዲያ ምን ዘየዱ፣ ዘሩን በትነው በማረሻ ራቅ ራቅ አድርገው ትልም ያወጣሉ፣ ከዛ ቤተሰብ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ ከኋላ እየተከተለ ከትልሙ አፈር በእጁ እየዛቀ ወደ መሀል ይከምራል። መሀሉ ከፍ ያለ መደብ ይሆናል፣ ዘሩም በዛው ይሸፈናል፣ ትልሙ የውሃ መውረጃ ይሆናል። በእጅ ነው የምላችሁ፣ በአስር ጣት። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ተመራማሪዎች ይሄንኑ የገበሬ ብልሃት አይተው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርተዋል፣ መነሻው ግን የነዛ ሴቶች ጣት ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ደርሼበታለሁ። ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ካፊያው አያባራም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አያቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አንዱን ትልም እሷ አንዱን እኔ ይዘን እንገፋለን። መረሬ እንደ ሊጥ ነው፣ አንዴ ጨብጣችሁት አይለቅም፣ ጣታችሁ መሀል ይገባና ይደርቃል፣ ጥፍር ስር የገባውማ ማታ በሙቅ ውሃም አይወጣም። እኔ ቶሎ ለመጨረስ አንገቴን ደፍቼ ዝም ብዬ እዝቃለሁ። አያቴ ከወዲያ ትጮሃለች፣ «ቀና በል እንጂ አንተ ልጅ! ቀና ብለህ መስመሩን እየው!» ለካ እኔ ሳላይ የከመርኩት አፈር ትልሙን ዘግቶታል። ትልሙ ከተዘጋ ውሃው እዛው ይቋጥራል፣ የከረመ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። እሷ አንድ ሁለቴ ዝቃ ቀና ትላለች፣ ወደፊት ወደኋላ ታያለች፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ በዓይኗ ትለካለች፣ ደግሞ ትደፋለች። ቀኑን ሙሉ እንደዛ። መንገደኛ ሲያልፍ «በርቱ!» ይላል፣ እሷም እጇን ሳታርፍ «አብሮ ያበርታን» ትላለች።

እና ደፋ ማለት ጉልበቱ ነው፣ ቀና ማለት ደግሞ ማስተዋሉ። ለዚህ ነው አጨዳም ወፍጮም አይደለም የምለው፣ ሁለቱንም እኩል የሚፈልግ ሥራ እሱ ነው። ሌላም አለኝ፣ ሥራ ለሚጀምር ሰው «ይቅናህ» እንላለን፣ የተሳካለትን «ቀናው» እንላለን። ያቺ ቀና እና ይቺ ቀና አንድ ቤት የወጡ ይመስሉኛል፣ ሲደፋ ውሎ ቀናው። አንዳንዱ ይሄን «ከመጠን በላይ መፈለግ ነው» ይለኛል፣ እኔ ግን ያቺን ማሳ ካየሁ በኋላ ሌላ አይታየኝም።

ለዚህ ነው ያ ልጅ ያለው ያንገበገበኝ። አለቃ ፊት የሚጎነበስ ሰው ምንም አልዛቀም፣ ውሃ የሚወርድበትንም አላየም። በቅርቡ ደግሞ አንዱ የሽንኩርት ዋጋ «ደፋ ቀና እያለ ነው» ሲል ሰማሁ፣ ከፍ ዝቅ ይላል ማለቱ ነው፣ እባካችሁ እንዲህ አናድርገው። አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ አይደለም፣ ማሸርገድ አለ፣ ማጎብደድ አለ፣ አቤት ወዴት ማለት አለ፣ ለዋጋውም ይወጣል ይወርዳል በሉት። ደፋ ቀናን ለባለቤቶቹ ተዉላቸው። ሐምሌ ላይ በእነዋሪ በኩል ካለፋችሁ ከመኪናው መስኮት እዩ፣ ዛሬም በእጁ መደብ የሚያወጣ ቤተሰብ አለ፣ ስታልፉ «በርቱ» በሏቸው።