ጤና አዳም በጅማ

ጤና አዳም ከሎሚና ብርቱካን ቤተሰብ የሚመደብ፣ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ ሲሆን የአበባው ቅጠሎች ጠርዝ ዘርፍ ያለው ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ ነው። ጥንተ መገኛው የሜዲትራኒያን አካባቢ ነው፤ በኢትዮጵያ ጓሮ ግን ከቆዩት ተክሎች አንዱ ነው።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጅማ ጤና አዳም ከቡና ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ቀንበጡ ታጥቦ ሲኒው ውስጥ ይገባና ትኩስ ቡና ይቀዳበታል። እንዲህ ያለው ቡና ጣዕሙ ተወዳዳሪ የለውም። ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይደቆሳል፣ ቅጠሉ ለሆድ ቁርጠትና ለጉንፋን ተፈልቶ ይጠጣል። ለደም ግፊትና እግር ሲደነዝዝ ደግሞ «ደም ያዘዋውራል» ብለው የሚወስዱት አሉ።

ይህ እምነት መሠረት የለውም ማለት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1842 ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ አውጉስት ቫይስ ከተክሉ የቅርብ ዘመድ ከሩታ ግራቬኦለንስ አንድ ቢጫ ንጥረ ነገር ለየ፤ ሩቲን የተባለውም ከዚሁ ተክል ስም ተወስዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጂዮርጂና ባልደረቦቹ ከሎሚና ከቃሪያ የተገኙ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች የቀጫጭን ደም ሥሮችን ልል ግድግዳ እንደሚያጠነክሩ ጽፈው «ቫይታሚን ፒ» አሏቸው። ቫይታሚን መባሉ በኋላ ቢቀርም ምርምሩ አልቆመም። ከሩቲን የተሠሩ እንክብሎች በአውሮፓ ለእግር መክበድና ማበጥ፣ ደም መላሽ ሥር ሲደክም ይታዘዛሉ። መጠናቸው በቀን እስከ 1000 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ሲኒ ውስጥ ከሚነከር አንድ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቡናው የእንክብሉን ሥራ ይሠራል ማለት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ተክሉንም በሽተኛውንም በቅርብ ስለሚያገኝ የጤና አዳምን ጥቅም ለማጥናት የታደለ ተቋም ነው።

ጥንቃቄው ችላ ሊባል አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን ለመድኃኒት ብላ መውሰድ የለባትም፤ በብዛት ከተወሰደ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ፅንስም ያስወርዳል። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ያቋጥራል፣ ቆዳውንም ያጠቁራል፤ ስለዚህ ያበጠ እግር ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ክፉ ነው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የእግር እብጠት ሁሉ ከደም ሥር አይመጣም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ገበሬዎችን የሚይዘው የዝሆኔ በሽታ የሊምፍ መስመር፣ ማለትም ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሰው ቧንቧ፣ ጉዳት ነው፤ እሱን የሚከላከለው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ከቆረጠመ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ቅጠል ሳይፈለግ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።