የጓሮ ቅጠል ሲገረጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ዩሪያ አንሶታል»

ጎንደር ውስጥ ጓሮ ያለው ሁሉ ይህን ይላል፤ እኔም ስል ኖሬያለሁ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ የጎደለው ናይትሮጅን ከሆነ በርግጥ ይሠራል። መጀመሪያ ግን ቢጫው ከየት እንደጀመረ ማየት ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ቀምቶ ለቀንበጡ ስለሚሰጥ ታች ያለው ቅጠል ቀድሞ ይገረጣል፤ የሚገረጣውም ሙሉ በሙሉ ነው። ፖታሲየም ሲያጥርም ከታች ይጀምራል፤ ግን የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ይደርቃል። ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይሻገርም። ስለዚህ ብረት ሲጠፋ ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ይነጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ክረምት ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ዋልካ አፈር ውሃ ከያዘ አይለቅም፤ ሥሩ አየር ያጣና አፈሩ ውስጥ ያለውን ምግብ እንኳ መሳብ ያቅተዋል። ሐምሌ ላይ ቃሪያዬ ሲገረጣብኝ ዩሪያ ነሰነስኩበት፤ ባሰበት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡኒ ሆኖ ይሸታል። ለካ የተራበ ሳይሆን የታፈነ ነበር! መደቡን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ መቅደድ ነበር የሚያዋጣው። በጀሪካን ለሚተክል ደግሞ ቂጡን መብሳት።

«አመድ ለማንኛውም ተክል ይጠቅማል»

አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ሄዷል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የምድጃው አመድ ሎሚ ሥር የሚደፋበት ግቢ አውቃለሁ። አመድ የአፈሩን አሲድ ስለሚገድል ሲበዛ ብረትና ዚንክ አፈሩ ውስጥ እያሉ ለሥሩ የማይደርሱ ይሆናሉ። የዚያ ሎሚ ጫፍ የነጣው ለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ አመዱን ማቆምና በደንብ የበሰበሰ ፍግ መጨመር ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

«የቲማቲም ቂጥ ሲጠቁር የእንቁላል ቅርፊት ይበቃዋል»

ጥቁሩ የካልሲየም እጥረት መሆኑ ልክ ነው፤ ተላላፊም አይደለም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ። ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ስለሆነ ውሃው ሲቆራረጥ መንገድ ላይ ይቀራል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቲማቲም ሳምንት ተጠምቶ በአንድ ቀን ይጥለቀለቃል፤ ቂጡ የሚጠቁረው ያኔ ነው። ስለዚህ በርሜል ሞልቶ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማጠጣት፣ አፈሩንም በጤፍ ጭድ መሸፈን። ቅርፊቱ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል፤ ቅጠሉ ሲንዠረገግ ካልሲየሙን ይሻማል።

«ብዙ ከጨመርን ቶሎ ይድናል»

አይድንም፣ ይቃጠላል። ለአንድ ማሰሮ ዩሪያ ቁንጥር ያህል ይበቃል፤ ከግንዱ ራቅ አድርጎ አፈር ማልበስ ነው፤ ያለዚያ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

«መድኃኒቱ ከሠራ የገረጣው ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል»

ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በተለይ ጠርዙ የደረቀው እንደደረቀ ይቀራል። ለውጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ በሚወጣው ቀንበጥ ላይ ነው፤ እሱ ጤነኛ ከሆነ የታችኛውን ቀንጥሶ መጣል ይቻላል።