ቀጋ፦ የደጋው ጽጌረዳ

ጽጌረዳ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ከሆለታና ከዝዋይ እርሻዎች ተቆርጦ በአውሮፕላን የሚጫነው ባለረጅም አገዳ ቀይ አበባ ነው። የእሱ ዝርያ ከውጭ የመጣ ነው። የአገሩ ጽጌረዳ ግን በእርሻ ዳር፣ በአጥር ላይና በወንዝ አፋፍ ይኖራል፤ ስሙም ቀጋ ነው። በሳይንስ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው ጥናት ገልጾታል። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ ከእሱ ሌላ የለም። ኮሶና እንጆሪም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ኮሶን ያየ ሰው ዝምድናውን ባያምን አይፈረድበትም።

ቀጋ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ብቻውን ሲሆን ይንዠረገጋል፣ የሚደገፍበት ዛፍ ካገኘ ደግሞ እየተንጠላጠለ እስከ 7 ሜትር ይወጣል። ለመውጣት የሚያግዘው እሾሁ ነው። ከሥሩ ሰፋ ብሎ ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመ በመሆኑ ያገኘውን ይይዛል፤ ጋቢ ለብሶ በአጠገቡ ያለፈ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። የአጋም እሾህ ከቅርንጫፍ የተለወጠ ስለሆነ ጠንክሮ ይቆማል። የቀጋው ግን ከልጡ ብቻ የበቀለ ነውና በጎን ቢገፉት ተገንጥሎ ይወድቃል።

አንዱ ቅጠል ዳራቸው እንደ መጋዝ በተሰነጠቀ ከአምስት እስከ ሰባት ትናንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው። አበባው ነጭ ወይም ወደ ክሬም ያደላ፣ መዓዛው ደስ የሚል ሲሆን በቅርንጫፉ ጫፍ በዘለላ ይፈነዳል። ገበያ ላይ እንዳለው ጽጌረዳ የተደራረበ አይደለም፤ አምስት የአበባ ቅጠሎችና በመሐላቸው ብዙ ቢጫ ክሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ንብ የምትመጣውም በዋናነት እነዚህ ክሮች ለያዙት ብናኝ ነው። የሴቴው ክሮች ደግሞ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ትንሽ ምሰሶ ይቆማሉ። ይህ ምልክት ቀጋን ከእስያ ተንጠልጣይ ጽጌረዳዎች ጋር ያዛምደዋል።

የሚበቅለው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ከወይና ደጋው ጽድና ወይራ አንሥቶ ኮሶ፣ አምጃና አስታ እስካሉበት ደጋ ድረስ ማለት ነው። በስሜን ተራሮች፣ በባሌ ዲንሾ አካባቢና በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ በኤርትራ፣ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች አለ።

ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ነው። የሚበላው ሥጋ በእርግጥ የአበባው መቀመጫ አብጦ የተፈጠረ ነው፤ ትክክለኛዎቹ ፍሬዎች በውስጡ የታጨቁት ጠጣር ዘር መሳዮች ናቸው። እረኛ ልጆች ይህን ስም ሳይሰጡት ያውቁታል፦ ሥጋውን ዙሪያውን ይበሉና ውስጡን ይጥሉታል፣ ዘሩን የከበበው ፀጉር ጉሮሮ ይከረክራልና።

ዛፉ በተመነጠረበት መሬትም ቀጋ በድንበር ላይ ሲቀር ይታያል። ገበሬው ሆን ብሎ ይተወዋል፤ ከነሕይወቱ ሕያው አጥር ይሆናል፣ ተቆርጦ ሲደርቅም በበረት ዙሪያ ይደረደራል።