ስለ ፌልት የሚባለውና እውነታው

ማኅበራችን በየዓመቱ የአባላቱን ሥራ የሚያሳይበት ኤግዚቢሽን አለ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምናዘጋጀው። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ በየቤታቸው ሲሠሩት የከረሙትን ፌልት ይዘው ይመጣሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አለ፣ የሚነጠፍ አለ፣ የሚለበስ አለ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ የሚታይም አለ። ፌልት ለማታውቁት፦ ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በእጅ ጉልበት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ጨርቅ ነው።

ብዙውን ጊዜ እንግዳ የማስተናግደው እኔ ስለሆንኩ ሰው ምን እንደሚል እሰማለሁ። የሚባለው ነገር ከዓመት ዓመት ይመሳሰላል። ሰው ሥራውን ጠልቶት አይደለም። አሠራሩን ስለማያውቅ ዓይቶ ያልፈዋል። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ደጋግሜ የምሰማውን ላንሳው።

«እንዴት ያለ ሽመና ነው!»

ከሁሉ በላይ የሚባለው ይሄ ነው፤ መባሉም አይገርምም። እኛ በጥጥ ያደግን ሰዎች ነን። ጋቢው፣ ነጠላው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ሁሉ ተፈትሎና ተሸምኖ ነው የሚደርሰን። ሽሮ ሜዳ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ጨርቅ ሲባል ድርና ማግ ነው የሚታየው። ፌልት ግን ድርም ማግም የለውም።

ታዲያ ምን ያዘው? የበግ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ላዩ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የቅርፊቶቹ ጠርዝ ሁሉ ወደ ፀጉሩ ጫፍ ነው የሚያየው። ስለዚህ ፀጉሩ ሲታሽ ወደ ሥሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ቅርፊቱ ይይዘዋል። ሙቅ ውሃው ፀጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ሳሙናው ያንሸራትተዋል፣ እጅ ደግሞ ያንቀሳቅሰዋል። እያንዳንዱ ፀጉር ጎረቤቱ ውስጥ እየገባ ይቆላለፋል። ከተቆላለፈ በኋላ ማንም አይፈታውም። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ያጠበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያ ሹራብ ጠቦ፣ ወፍሮና ጠጥሮ የወጣው ፌልት ስለሆነ ነው። ጥጥ ይሄ ቅርፊት የለውም። ባዘቶውን ቀኑን ሙሉ በሳሙና ቢያሹት ሲደርቅ ይበታተናል።

ሥራው የሚጀምረው ከማጠብና ከማባዘት ነው። የተባዘተው ሱፍ በስሱ እየተሳበ ይነጠፋል። የመጀመሪያው ንብብር ወደ ጎን ከሆነ የሚቀጥለው ወደ ታች ነው፤ ፀጉሮቹ እንዲጠላለፉ። ሙቅ የሳሙና ውሃ ይረጭበታል፣ ላስቲክ ይለብሳል፣ ከዚያ በመዳፍ ቀስ ተብሎ ይታሻል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሥራው ይሸበሸብበታል። መያዝ ሲጀምር በቀርከሃ ምንጣፍ ይጠቀለልና ይንከባለላል። ይፈታል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይንከባለላል። ትከሻ ያማል፣ የጣት ጫፍ ይጨማደዳል። ጨርቁ ደግሞ እያዩት ያጥራል። አንድ ሜትር እንዲሆን የተፈለገ ሥራ ሲነጠፍ አንድ ሜትር ተኩል ሊሆን ይችላል።

ይሄን ልብ በሉልኝ። ግድግዳው ላይ የምታዩት ፊት ወይም ተራራ ሲነጠፍ ሌላ መጠን ነበረው። ሠሪዋ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ፣ መስመሩ ምን ያህል እንደሚጠብ ቀድማ ገምታ ነው የነጠፈችው። ከተቆላለፈ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

ትንንሾቹ ቅርፆች በሌላ መንገድ፣ በመርፌ ነው የሚሠሩት። መርፌው ክር ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። ጎኑ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በተወጋ ቁጥር ላይ ያለውን ፀጉር ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ትቶት ይወጣል። ደጋግሞ በመውጋት ብቻ ልሙ ሱፍ ጠጥሮ ወፍ ወይም የሰው እጅ ይሆናል።

«ይሄማ ልጄ ትምህርት ቤት የሚቆርጠው ነው»

ከስቴሽነሪ የሚገዛው ባለ ቀለም ቁራጭ ስሙ ፌልት ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ነው። ልዩነቱን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ከጫፉ ትንሽ ጭረት ቆርጣችሁ፣ በሴራሚክ ሰሃን ላይ ተጠንቅቃችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የቀረው በጣት ሲታሽ ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ልጆች በሱ መሥራታቸው ደስ ይላል፤ ሁለቱ ግን አንድ ዕቃ አይደሉም።

«የፈረንጅ ፋሽን ነው»

ፌልት ከጥንታዊ የሰው ልጅ ጨርቆች አንዱ ነው። በደቡብ ሳይቤሪያ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ በረዶ የጠበቃቸው መቃብሮች ተቆፍረዋል። ከ2,200 ዓመት በላይ የቆየ ፌልት ነው የወጣው። ከነዚህ ውስጥ ከፌልት ተሰፍተው ሆዳቸው የተሞላ የውሃ ወፎች አሉ። ነጭ ገላ፣ ጥቁር የክንፍ ጫፍ። ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የሞንጎልያ አርብቶ አደር እስከ ዛሬ ክብ ቤቱን የሚያለብሰው በፌልት ነው። የኪርጊዝስታን የፌልት ምንጣፎች ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ በሚሻው የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እዚያ ሙያው በዋናነት የሴቶች ነው። ቱርክ ኮኒያ ውስጥ ደግሞ በትውልድ የተቀባበሉት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ «የሴት ሥራ ነው» የሚለውም በዚሁ ይታረም።

እኛ ዘንድስ? መንዝን የሚያውቅ ሰው ባናን፣ ዝተትንና በርኖስን ያውቃል። ሴቶች የበጉን ፀጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምኑታል። የደጋን ብርድ የቻለ ሕዝብ የቻለው በዚህ ነው። ባና ግን የተሸመነ ነው፣ ፌልት አይደለም። ይሄንንም የሚያምታቱ እንግዶች አሉ፤ በተለይ ሱፍ የሚያውቁ እናቶች። አንዲት እናት አንድ ጥቁር ምንጣፍ ፊት ቆመው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ባና ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ ክሩን ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። ለመነካት ተብሎ የተቀመጠውን ናሙና አንስተው ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞሩት። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። አንድ ፀጉር ለመምዘዝ ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው። «ፈትሉ የታለ?» አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ምንጣፉ ተመልሰው ረጅም ጊዜ አዩት። የሳቸውን ያህል የተጠነቀቀ ተመልካች አላየሁም። ሱፍን ስለሚያውቁ ነው።

«ያገራችን ሱፍ ሻካራ ነው፣ ለፌልት አይሆንም»

ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ ስለ ዕደ ጥበብ ትንሽ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ግማሹ እውነት ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው። ሜሪኖ የሚባለው በግ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ከ24 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አይወፍርም፤ ስለዚህ አንገት ላይ ሲደረግ አይኮሰኩስም። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ ፀጉር ቆዳ ይወጋል። ለአንገት ልብስ የደጋችን ሱፍ አይመከርም፣ እሺ።

ግን ፌልት አንገት ልብስ ብቻ ነው ያለው ማነው? የመካከለኛው እስያ ምንጣፎች የሚሠሩት ከሻካራ የአካባቢ በግ ፀጉር ነው። ሻካራው ጠንካራ ይሆናል፣ ይረገጣል፣ ቅርፅ ይይዛል። ቦርሳ፣ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ሥራ፣ የወንበር መቀመጫ ይወጣዋል። ደግሞ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ሳይነከር እንዲሁ ያምራል። ከአባሎቻችን አንዱ ሙሉ የደጋ መልክዓ ምድር ያለ አንዲት ጠብታ ቀለም ሠርቷል። ጥላው የጥቁር በግ ነው፣ ጉሙ የነጭ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሱፉ ቅባት፣ ገለባና እሾህ ይዞ ነው የሚመጣው። ከለስላሳው ጋር የተቀላቀለ ወፍራም ፀጉር አለ፤ እሱ በቀላሉ አይቆላለፍም፣ ላይ ላዩን ይወጣል። መለየትና ማጽዳት ከሥራው ይልቅ ጊዜ ይበላል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱፉ ቅርብ ነው፤ የሚያስፈልገው በደንብ ለይቶና አጥቦ የሚያቀርብ ሰው ነው። በእኔ እምነት ገንዘብም ጉልበትም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ በጉ ለሱፉ ሲባል አይታረድም። ይሸለታል፣ ፀጉሩ ይበቅላል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፣ ጠያቂ ስለማይጠፋ። ሱፍ ከጥጥ በተለየ ኮምጣጣ ነገር ያለበትን ማቅለሚያ ይወዳል። አቼቶ ጨምረው በሙቅ ውሃ ይነክሩታል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ወርቃማ ቡናማ ይሰጣል። ነገር ግን ትኩሱን ሱፍ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከርና ማማሰል የለም፤ እዚያው ይቆላለፋል።

«ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ሥነ ጥበብ አይደለም»

ይሄ አባባል ነው በጣም የሚያመኝ። ጀርመናዊው አርቲስት ጆሴፍ ቦይስ ፌልትን የሥራው ዋና ማዕከል አድርጎት ነበር። በ1960ዎቹ ፒያኖ በፌልት ሸፍኖ አሳይቷል፤ በ1970 ደግሞ የፌልት ሙሉ ልብስ ሠርቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ሞሪስ ከ1967 ጀምሮ ወፍራም ፌልት እየቆረጠ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ቅርፁን ለራሱ ክብደት ተወለት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ትልልቅ ሙዚየሞች እነዚህን ሥራዎች ይዘዋል። ፒያኖ ካነሳን ደግሞ የፒያኖ ጅማት የሚመቱት መዶሻዎች ራሳቸው የሱፍ ፌልት የለበሱ ናቸው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚሰማው የፒያኖ ድምፅ ሁሉ በፌልት በኩል ነው የሚያልፈው።

እኛ አገር ግን ችግሩ ከፌልትም ይሰፋል። በእጁ የሚሠራን ሰው ማሳነስ የቆየ በሽታችን ነው። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም በሙያቸው ተሰድበዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ቀንሷል። «የእጅ ሥራ ብቻ ነው» የሚለው «ብቻ» ግን የዚያው ቅሪት ይመስለኛል። ሥዕል በቀለም ሲሆን ሥነ ጥበብ፣ በሱፍ ሲሆን ማስዋቢያ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሥራው ደካማ ከሆነ ደካማ ነው ይባል። በዕቃው ምክንያት ብቻ ግን ዝቅ አይበል።

«ባዛር ነው አይደል? ቅናሽ አለ?»

ባዛር አይደለም። የሚሸጡ ሥራዎች አሉ፣ ለመታየት ብቻ የመጡም አሉ። የአባላት ኤግዚቢሽን ስለሆነ የብዙ ዓመት ባለሙያና ዘንድሮ የጀመረ ሰው ጎን ለጎን ይሰቅላሉ። አንዳንዱ «ደረጃው አይመጣጠንም» ይላል። ትክክል ነው፣ አይመጣጠንም፤ ታስቦበት ነው። ጀማሪው የሚያድገው ሥራው ከጎበዝ ሥራ አጠገብ ሲሰቀል ነው።

«ምነው ተወደደ?» የሚለውም እዚሁ ይመጣል። ማጠቡን፣ ማባዘቱን፣ መንጠፉን፣ ማንከባለሉን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። መካከለኛ የግድግዳ ሥራ የቀናት ጉልበት ነው፤ ሱፉን ማዘጋጀት ሳይጨመር። ዋጋው ከበዛባችሁ አለመግዛት መብት ነው። ሠሪዋ ፊት «ሱፍ አይደል እንዴ፣ ምን ያስወድደዋል» ማለት ግን ልክ አይደለም።

«ለአዲስ አበባ አይሆንም፤ ይሞቃል፣ ብል ይበላዋል»

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለማንም አይነገርም። ክረምት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይረጥባል። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ የሚጠጋ እርጥበት ወስዶ እንኳን ሲዳሰስ ደረቅ ይመስላል። ለዚህ አየር የሚስማማ ነገር ነው።

ብሉ እውነት ነው። ብል የበግ ፀጉር ይወዳል፣ በተለይ የቆሸሸና ጨለማ ውስጥ የተረሳ። የተሰቀለ ሥራ አልፎ አልፎ ይራገፍ፣ ከጀርባው ይታይ። የሚቀመጥ ከሆነ ጸድቶና ደርቆ በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ይቀመጥ። ትንሽ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ማቆየት እጩን ይገድላል። መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ፤ በፎጣ ጠቅልሎ መጫን፣ ዘርግቶ ጥላ ላይ ማድረቅ።

ለመግዛት ከፈለጋችሁ ደግሞ ናሙናውን አንሱና ላዩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። ጨርቁ ሁሉ አብሮ ከተነሳ በደንብ ተሠርቷል። ፀጉሩ ለብቻው ተነጥሎ ከመጣ ገና ይቀረዋል፤ ለሠሪው ንገሩት፣ ቅር አይለውም።